የአባት ድምፅ ያረፈበት አልበም

በሙዚቃ ዓለም «የጎን ሥራ» የሚባለው፣ አንድ ሙዚቀኛ ከሚታወቅበት ቡድን ሳይለቅ፣ በቡድኑ ውስጥ ቦታ ያላገኘለትን ሐሳብ ለብቻው፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ስም የሚያወጣበት አልበም ነው። ስያሜው ሥራውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ዋናው ሌላ ቦታ እንዳለና ይህኛው ትርፍ እንደሆነ አስመስሎ ያቀርበዋል። ይሁን እንጂ የአሜሪካው የሮክ ቡድን የሊንኪን ፓርክ አባል ማይክ ሺኖዳ «ፎርት ማይነር» በሚል ስም አዘጋጅቶ ኅዳር 13 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2005) ያወጣው «ዘ ራይዚንግ ታይድ» የተሰኘ የሂፕሆፕ አልበም እንዴት እንደተሠራ የመረመረ ሰው፣ በጎን የተሠራው ከዋናው ይልቅ ለባለቤቱ ልብ የቀረበ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። ይህ አልበም ደግሞ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማበር ግርጌ ባለው ሞቃት ቆላ ላይ በተቆረቆረችው በሸዋ ሮቢትና በመላው ይፋት ለሚገኙ ወጣት ሙዚቀኞች የሚነግራቸው ነገር አለ።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የሁለቱን የሙዚቃ ዓይነቶች አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ሮክ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በድራም ላይ የቆመ፣ ቡድን የሚሠራው ሙዚቃ ሲሆን፣ ሂፕሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር በተደረጉ የጭፈራ ድግሶች ላይ የተወለደ፣ ግጥምን ከመዝፈን ይልቅ በምት ላይ የመናገር ጥበብ ነው፤ ይህ የመናገር ስልት ራፕ ይባላል። ሊንኪን ፓርክ ሁለቱን አንድ ላይ በማምጣት እ.ኤ.አ. በ2000 «ሃይብሪድ ቲዎሪ»ን፣ በ2003 ደግሞ «ሜቲዮራ»ን አሳትሞ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቷል። በቡድኑ ዘፈኖች ውስጥ የተለመደው ክፍፍል ሺኖዳ አጭር የራፕ ክፍል ተናግሮ የቡድኑ ድምፃዊ ቼስተር ቤኒንግተን አዝማቹን በከፍተኛ ድምፅ የሚያነሣበት ነበር። ክፍፍሉ ለቡድኑ ውጤታማ ቢሆንም፣ አንድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመተረክ ለሚፈልግ ተናጋሪ ግን ጠባብ ነው፤ ተራኪው ገና አፉን እንደከፈተ አዝማቹ ይደርስበታልና።

ሺኖዳ ይህን ጥበት ያለፈው በአሠራሩ ጭምር ነው። በዘመኑ ገበያውን የያዘው ሂፕሆፕ በአብዛኛው ከኪቦርድና ከ«ሳምፕል» የተገነባ ነበር፤ ሳምፕል ማለት ከቀድሞ ቅጂ ላይ ተቆርጦ በአዲስ ቅንብር ውስጥ የሚደጋገም የድምፅ ቁራጭ ነው። እርሱ ግን የሮክ ሙዚቀኛ እጁን ይዞ ወደ ሂፕሆፕ ስለገባ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር መሣሪያዎቹን ራሱ ተጫውቶ፣ ቅንብሩን ራሱ ሠርቶ አልበሙን ከመሠረቱ ገነባው። የአልበሙ ዋና ፕሮዲዩሰር፣ ማለትም ሥራውን ከላይ ሆኖ የሚመራውና በስሙም የሚደግፈው፣ ራፐሩ ጄይ-ዚ ነበር፤ ሁለቱ ከአንድ ዓመት በፊት ሊንኪን ፓርክና ጄይ-ዚ በጋራ ባወጡት «ኮሊዥን ኮርስ» ላይ አብረው ሠርተዋል። ኮመን፣ ብላክ ቶት፣ ጆን ሌጀንድ፣ ሆሊ ብሩክ እንዲሁም «ስታይልስ ኦፍ ቢዮንድ» የተባለው የራፕ ቡድን በእንግድነት ተሳትፈዋል። ርእሱም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ ስልት አለው፤ «ታይድ» ሲሰማ የባሕርን ውኃ ከፍታ ያሳስባል፣ ሲጻፍ ግን «የታሰረ» ማለት ነው። በቅኔ ቤት ቢሆን ኅብር ይባል ነበር።

ከእንግዶቹ አንዱ ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። «ሬድ ቱ ብላክ» በተሰኘው ዘፈን ላይ ከጆና ማትራንጋና ከስታይልስ ኦፍ ቢዮንድ ጋር ድምፁ የሚሰማው ኬና፣ ሙሉ ስሙ ኬና ዘመድኩን፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሙዚቀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ኒው ሴክርድ ካው» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙ ሮክንና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ያጣመረ ሲሆን፣ ያቀናበረለት በሂፕሆፕ ቅንብር ስመ ጥር ከሆነው «ዘ ኔፕቱንስ» የተባለ ጥንድ አንዱ፣ የወጣትነት ጓደኛው ቻድ ሁጎ ነበር። ስለዚህ የሮኩ ሰው ወደ ሂፕሆፕ ባቀናበት አልበም ላይ የሂፕሆፕ አቀናባሪ የሮክ መንገድ የከፈተለት ኢትዮጵያዊ ተገኝቷል። የሙዚቃ ዓይነቶች ድንበር በገበያው መደርደሪያ ላይ እንጂ በሙዚቀኞቹ መካከል እምብዛም እንዳልነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የአልበሙ ልብ ግን «ኬንጂ» የተሰኘው ዘፈን ነው። የሺኖዳ የአባቱ ወገን ጃፓናዊ ነው። ጃፓን የአሜሪካን የጦር ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት 9066 ቁጥር ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ በዜግነት አሜሪካውያን ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጉረዋል። ትእዛዙ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በግራዚያኒ ዘመን በደም በታጠበች በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በሰማዕታት ቀን መዋሉን የሚያስተውል አንባቢ፣ ግጥምጥሞሹ የቀን ብቻ መሆኑን ቢያውቅም ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ዘፈኑ በካሊፎርኒያ በረሃ ወደተተከለው፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች ወደታጎሩበት ማንዛናር ካምፕ የተወሰደን አንድ ሰውና ቤተሰቡን ይተርካል።

የዘፈኑ አሠራር በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ሺኖዳ አባቱንና አክስቱን ስለካምፑ ጠይቆ ድምፃቸውን ቀዳ፤ ቅጂውንም በራፑ ክፍሎች መካከል አስገባው። አረጋውያኑ ቤት አይመቱም፣ ምት አይጠብቁም፤ እንደማንኛውም ሰው ቀስ ብለው ያስታውሳሉ፣ ያወራሉ። ልጁ በቤት በቤት ያሰናዳው ትረካ ከድምፃቸው ሥር እንደ ማብራሪያ ይቀመጣል እንጂ አይሸፍናቸውም። ሳምፕል የሚባለው ስልት እዚህ ላይ ከሌላ ሰው ዘፈን የተቆረጠ ማጌጫ መሆኑ ቀርቶ የምስክርነት ቃል ሆኗል። ይህን ቃል ሊንኪን ፓርክ ሊሸከመው አይችልም ነበር፤ በሁለት የጊታር ጩኸት መካከል አንድ አረጋዊ ተረጋግቶ ሊናገር አይችልምና። የጎን ሥራው አስፈላጊነት በዚህ ይታወቃል፤ ሺኖዳ ሌላ ስም ያስፈለገው ለአባቱ ድምፅ ጸጥ ያለ ቦታ ለማዘጋጀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ለዚህ አሠራር የሚቀርብ ሥራ ከተፈለገ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ምክሊት ሐደሮ የምትታወቅበትን የጃዝና የፎክ አዘፋፈን ለጊዜው ወደጎን ብላ ከራፐሮቹ ከገብርኤል ቴዎድሮስና ከበርንትፌስ ጋር «ኮፐርዋየር» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው «ኧርዝባውንድ» ይጠቀሳል። ሦስቱ የህዋ መንገደኞች ሆነው ወደ ምድር፣ ወደ ኢትዮጵያ ይጓዛሉ፤ ከከዋክብት ብርሃን መረጃ የተቀናበሩ ድምፆችም በሙዚቃው ውስጥ ገብተዋል። ሥራው ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ በቂ ሰሚ አለማግኘቱ ያሳዝናል።

ወደ ይፋት ሲመለሱ፣ በምት ላይ የመናገር ጥበብ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ይፋት ከ13ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት የሚመራ ሱልጣኔት መቀመጫ የነበረ፣ ዐማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና ከቆላው ጫፍ የሚመጣው አፋር በገበያ የሚገናኙበት ምድር ነው። ፉከራው በፍጥነት የሚነገር፣ ተናጋሪው ራሱንና ወገኑን የሚያወድስበት፣ ባላጋራውን የሚያስፈራራበት ንግግር ስለሆነ ራፐሮች እርስ በርስ ከሚገጥሙት ውርርፍ ጋር በባሕርይው አንድ ነው። መንዙማው ደግሞ አውጪና ተቀባይ ያለው፣ በድቤና በጭብጨባ የሚመራ ሲሆን፣ አውጪው ረጅም ታሪክ እየተረከ ጀማው በአዝማች ይመልስለታል። አንዱ የፍጥነትን፣ ሌላው የትዕግሥትን ጥበብ ያስተምራል።

የቋንቋው ስልትም እንዲሁ ራሱን የቻለ ነው። በአማርኛ ሥነ ግጥም ወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች፣ በድምሩ በ12 ቀለም የሚለካ ነው፤ ቀለም ሲባል በድምፅ የሚቆጠረው ሲሆን፣ አናባቢ የሌለው ሳድስ ፊደል ለብቻው አይቆጠርም። የሂፕሆፕ አንድ ባር፣ ማለትም አንድ የምት ዙር፣ አራት ምቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ምት እንደ ችክችካው ሦስት ሦስት ቢከፈል በአንድ ዙር 12 ቀለም ይገባል። የገበሬው ስንኝና የከተማው ምት በቁጥር እንዲህ ሲገጣጠሙ እያዩ፣ ብዙ የአማርኛ ራፖች የእንግሊዝኛን አተነፋፈስ ተከትለው ቃላትን በአራት በአራት መጨፍለቃቸው ያስቆጫል። ጥብቀትና ላላት ያለው ቋንቋ ምት ሲጫነው ትርጉሙ ይፈርሳልና። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው፤ ምቱ ያለቦታው ካረፈ አድማጩ በዓሉን ሲጠብቅ ቀጠሮ ይነገረዋል። በተጨማሪም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅ በ«-ኣል»ና በ«-ኧች» ቤት መምታት ምንም ድካም አይጠይቅም፤ ድካም የሌለበት ቤት ደግሞ ከሁለት ስንኝ በኋላ ጆሮ ያሰለቻል። ብልህ ገጣሚ ግሡን ወደ መሀል አምጥቶ በስም ይዘጋል፣ ወይም በሐረጎቹ መካከል ሌላ ቤት ይሠራል። ይህን ከአዝማሪና ከአውጪ የሚማር ወጣት ከአሜሪካ ከሚማረው የበለጠ ያተርፋል።

ሆኖም ስልት ብቻውን አልበም አያቆምም፤ የሚነገር ነገር ያስፈልጋል፤ ይፋት ደግሞ በቅርብ ዓመታት ሊነገር የሚገባው ብዙ መከራ አይታለች። የአጣዬ ከተማ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ ነዋሪዎቿ ንብረታቸውን ጥለው ተሰደዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዷል። ማሾውን፣ ሽንኩርቱንና ማንጎውን ለገበያ የሚያወርደው ገበሬ፣ የሰንበቴን ገበያ ለዘመናት አብረው ሲገበያዩ የኖሩት ዐማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው ያዩትን በየቤታቸው ይናገሩታል፤ ከቤቱ አልፎ ግን የሚቀዳው ጥቂት ነው። በዜና የሚቀርበው የቁጥርና የመግለጫ ጉዳይ ነው፤ በዘፈን የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ አንዱን ወገን አነሣሥቶ ሌላውን የሚወቅስ ነው። አባት ወይም አክስት በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ፍጥነት፣ የትኛውን ዕቃ ይዘው የትኛውን ጥለው እንደወጡ የሚናገሩበት አልበም አልተለመደም።

የጃፓናውያኑ ጉዳይ ስለዚህ ነገር አንድ ትምህርት አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 በሕግ ይቅርታ ጠይቆ፣ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ሲወስን፣ ከካምፖቹ መከፈት 46 ዓመታት አልፈው ነበር፤ በመካከሉ ብዙ አረጋውያን ምንም ሳይጠየቁና ምንም ሳይናገሩ አርፈዋል። የሺኖዳ አባትና አክስት ድምፅ በ«ኬንጂ» ውስጥ የቀረው ልጃቸው በጊዜ ስለጠየቃቸው ነው። የአጣዬና የሸዋ ሮቢት አረጋውያን ደግሞ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ትዝታቸውም ገና ትኩስ ነው።

ስለዚህ ከቀወት፣ ከኤፍራታና ግድም ወይም ከአርጎባ ወረዳ የወጣ፣ ጊታርም ይሁን ኪቦርድ የሚጫወት፣ በባንድም ሆነ ለብቻው የሚሠራ ሙዚቀኛ፣ ለቀጣዩ ሥራው ምት ከመምረጡ በፊት ወደ ወላጆቹ ቤት ይሂድ። ፈቃዳቸውን ይጠይቅ፤ የማይፈልጉትን እንዳይናገሩ ይተዋቸው፤ የሚያወሩትንም ሳያቋርጥ ይስማ። ጎረቤታቸው ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ እርሱንም ይጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ስልክ ነው፤ መቅጃው በውስጡ አለ።