ጠብን በገሃድ ስለ ማሳየት

አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ማይክል ራፓፖርት፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይወደው የነበረውን «ኤ ትራይብ ኮልድ ኵዌስት» የተባለውን የኒው ዮርክ የሂፕ ሆፕ ጓድ ታሪክ በዘጋቢ ፊልም አዘጋጅቶ በ2011 (ከዚህ በታች የሚነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሰንዳንስ የፊልም በዓል ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ ከአራቱ ሙዚቀኞች መካከል በአዳራሹ የተገኘው አንዱ ብቻ፣ እርሱም ፋይፍ ዶግ በሚለው ስም የሚታወቀው ማሊክ ቴይለር ነበረ። ስለ ወዳጆች መለያየት በሚተርክ ፊልም ምረቃ ላይ የተለያዩት ወዳጆች በአንድነት አለመታየታቸው ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስደንቀው ጠቡ ከመድረክ ወርዶ ወደ ፊልሙ ራሱ መግባቱ ነው። ሙዚቀኞቹ በፕሮዲዩሰርነት ስማቸው እንዲጻፍ ሲጠይቁ ከአዘጋጁ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው፣ የጓዱ መሪ ኪው ቲፕ ከምረቃው ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ፊልሙን እንደማይደግፍ በአደባባይ አስታውቆ ነበር። በፕሮዲዩሰርነት ማዕረግ ያጣላውን ይህንኑ ፊልም የአሜሪካ ፕሮዲዩሰሮች ማኅበር በ2012 መጀመሪያ ላይ ከዘጋቢ ፊልሞች መርጦ ሸለመው፤ ዕድል አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ትወዳለች።

በእኛ አገር ያደገ አንባቢ፣ ገመናን መሸፈን ከመልካም አስተዳደግ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ሁለት የልብ ወዳጆች ከመድረክ በስተኋላ የተለዋወጡትን ክፉ ቃል ለዓለም ማሳየት ምን ይጠቅማል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ሠሪው ይለያያል። የሰዎቹን ሥራ ሳያስረዳ ጠባቸውን ብቻ የሚያሳይ ሰው ሐሜተኛ ነው፤ ሐሜትም በካሜራ ስለ ተቀረጸ ታሪክ አይሆንም። አስቀድሞ የሥራቸውን ክብደት ያስመዘነ፣ የተመልካቹንም ልቡና በዜማቸው የማረከ ሰው ግን፣ በጠቡ ምክንያት የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ አስታውቋልና ጠቡን ለመተረክ መብት ያገኛል። ራፓፖርት ይህን መብት አግኝቷል ባይ ነኝ።

ፊልሙ ገና ሲከፈት በ2008 በኮንሰርት ጉዞ ላይ የተነሣውን ኩርፊያ ጥቂት ካስቀመሰን በኋላ ወደ ጥንተ ነገሩ፣ ማለት ኵዊንስ በተባለው የኒው ዮርክ ክፍል ወዳለው ወደ ሴንት ኦልባንስ ሰፈርና ወደ ሊንደን ጐዳና ይመልሰናል። ኪው ቲፕና ፋይፍ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚያ አብረው ያደጉ ናቸው። ፋይፍ ከትሪኒዳድ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ እናቱም ባለቅኔ ሲሆኑ፣ አያቱ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ አድቬንቲስት ስለ ነበሩ ራፕ በዚያ ቤት ደጅ በቀላሉ የሚገባ እንግዳ አልነበረም። ኪው ቲፕ በበኩሉ ጃዝ ከሚወድ አባት ተወልዶ፣ ከአሮጌ ሸክላዎች አንዲት የከበሮ ምት፣ አንዲት የቤዝ ሐረግ እየነቀሰና እየደጋገመ፣ አንዱንም ከሌላው ጋር እያዋሐደ አዲስ ዜማ የመሥራትን ጥበብ ከዕድሜው በፊት የተካነ ልጅ ነበረ። በፊልሙ ውስጥ ሸክላውን አስቀምጦ የዘፈናቸውን ከበሮ ከየት እንዳገኘ ሲያስረዳ በፊቱ ላይ የሚነበበው ደስታ፣ ለእኔ ከጠቡ ሁሉ ይልቅ የፊልሙ ውድ ክፍል ነው። ይህን ዐይነቱን አሠራር የሰው ሀብት እንደ መውሰድ የሚቈጥሩት አሉ፤ እውነትም ከሮክ ሙዚቀኛው ከሉ ሪድ ዜማ ተወስዶ የተሠራው ዝነኛ ዘፈናቸው ያስገኘውን ገቢ ሉ ሪድ እንደ ወሰደው ፋይፍ ራሱ ተናግሯል። ይሁን እንጂ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በ2010 በሙዚቀኞቹ በናስና በዴሚያን ማርሊ ሥራ ውስጥ ተሰምቶ ስንቱን የሩቅ አገር ወጣት ወደ ምንጩ እንደ መለሰ ያየ ሰው፣ ነገሩን ስርቆት ብሎ ብቻ ሊያልፈው አይችልም።

በ1991 የወጣው «ዘ ሎው ኤንድ ቲዎሪ» የተባለው ሁለተኛው አልበማቸው የዚህ ጥበብ ጫፍ ነው፤ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የሠራው የጃዝ ሊቅ ሮን ካርተር እንኳ ከሸክላ መነቀሱ ቀርቶ ራሱ ተገኝቶ በአንዱ ዘፈን ትልቁን ቤዝ ተጫውቶላቸዋል። በመጀመሪያው አልበም በጥቂት ዘፈኖች ብቻ የተሰማው ፋይፍ በዚህኛው በሙሉ ኀይሉ መጣ፤ በማሕሌት ጊዜ ቀኝና ግራ የቆሙ መዘምራን እንደሚቀባበሉ ሁሉ፣ ኪው ቲፕ በለሰለሰና በተመስጦ በተሞላ ድምፅ የጀመረውን ፋይፍ ስለታምና ተረበኛ በሆነ ድምፅ ይቀበለዋል፤ አንዱ ብቻውን ቢቀር ሌላው ግማሽ ይሆናል።

ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ከቅብብሉ ነው። ሸክላውን የሚመርጠው፣ ዜማውን የሚያቀናብረው፣ ሌሊቱን በስቱዲዮ የሚያነጋው ኪው ቲፕ ስለ ነበረ፣ ሥራው ፍጹም ካልሆነ የማይረካ ጥብቅ አለቃ ሆነ፤ ፋይፍ ግን ያለ እርሱ ድምፅ ጓዱ ጓድ እንደማይሆን እያወቀ እንደ ተከታይ መቈጠሩን ሊታገሥ አልቻለም። ከሁለቱ ማን አጠፋ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው ከማለት በስተቀር የምመልሰው የለኝም። አራተኛው የጓዱ አባል ጃሮቢ ዋይት አስቀድሞ ወደ ምግብ አብሳይነት ሙያ ሄዷል፤ ፋይፍ ኑሮውን ወደ አትላንታ አዛወረ፤ ኪው ቲፕ እስልምናን ተቀብሎ፣ በዚያው ሃይማኖት ካደገው ከዲጄው ከአሊ ሻሂድ ሙሐመድ ጋር ሲቀራረብ ፋይፍ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ መሰለው። በ1998 አምስተኛውን አልበም ሲያወጡ መለያየታቸውን አስታወቁ።

በመካከሉ ደግሞ ከአለቅነትና ከተከታይነት የበለጠ ነገር ነበረ። ፋይፍ በ1990 ገና በሃያ ዓመቱ ዋዜማ የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነግሮት፣ ከጣፋጭ ነገር መለየት እንዳቃተው በፊልሙ ውስጥ ያለ ዕፍረት ይናዘዛል፤ በ2008 ባለቤቱ ኵላሊቷን ሰጥታዋለች። በዚያው ዓመት ለገንዘብም፣ ለናፍቆትም ሲሉ በአንድነት በተጓዙበት «ሮክ ዘ ቤልስ» በተባለው የኮንሰርት ጉዞ ላይ ሁለቱ ከመድረክ በስተኋላ ሲጋጩ የምናየው ይህን ካወቅን ነው። የረጅም ዘመን ወዳጆቻቸው ከሆኑት፣ ደ ላ ሶል ከተባለው የሂፕ ሆፕ ጓድ አባላት አንዱ፣ እንዲህ ሆነው ከሚቀጥሉ ይህ የመጨረሻቸው ቢሆን ይሻላል የሚል አሳብ ሲሰጥ መስማት ያሳዝናል። ነገር ግን አንዱ ስለ ድውዩ ወዳጁ የሚፈራውን ፍርሃት በቍጣ ሲገልጸው፣ ሌላውም ያንን ቍጣ እንደ ንቀት ሲቀበለው ያየ ተመልካች፣ ሐሜት ሰማሁ ብሎ አይወጣም።

ጕድለት የለበትም አልልም። አሊ ሻሂድ ሙሐመድ በሁለቱ መካከል ዝም ብሎ የቆመ ታዛቢ ብቻ ሆኖ መታየቱ የዲጄውን ሥራ ፍትሕ የነሣ ነው፤ ከሸክላ አሳታሚው ጋር የነበራቸው ውልና የገንዘቡ ነገርም ከሚገባው በታች ተነክቷል፤ ብዙ ጓድ የሚፈርሰው ከፍቅር መጕደል ይልቅ በውል ክፋት ነውና። ስለ ባለቤትነቱ ክርክርም አሳቤን ልናገር፦ ሙዚቀኞቹ ከገዛ ሕይወታቸው ከተሠራ ፊልም ጥቅም መጠየቃቸው ትክክል ነበር፤ መቀሱ በእጃቸው እንዲሆን መመኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባለታሪኩ ራሱ የቈረጠውና የቀጠለው ፊልም ውዳሴ ከንቱ ከመሆን የሚድነው በጭንቅ ነው።

የፊልሙ ታላቁ ጕድለት የሠሪው ጥፋት ያልሆነው፣ ማለት ቶሎ ማለቁ ነው። በኅዳር 2015 አራቱ በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለአንድ ምሽት ተሰብስበው ከተጫወቱ በኋላ፣ ማንም ሳያውቅባቸው በኒው ጀርሲ በኪው ቲፕ ቤት ባለው ስቱዲዮ እንደገና መሥራት ጀመሩ። ሥራው ሳይፈጸም ፋይፍ ማርች 22 ቀን 2016 ከስኳር በሽታው በመጣ ሕመም በ45 ዓመቱ ዐረፈ። አልበሙ በኅዳር ወጥቶ በአሜሪካ የአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ፤ በዚያ አልበም ውስጥ ሁለቱ እንደ 1991ዱ ሲቀባበሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ፊልሙን አይቶ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ለመፍረድ የሚቸኵል አንባቢ ቢኖር፣ ከመፍረዱ በፊት ያንን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ።