በጋብቻ የወላጅ ፈቃድና የልጅ ምርጫ

ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተ ሰቦች ኪዳን መሆኑን ማንም አይስተውም። ስለዚህም በአገራችን አባትና እናት ልጃቸውን የሚድሩት ዘሩን፥ ጠባዩንና ኑሮውን መርምረው፥ ሽማግሌ ተቀብለው ነው። የልጅም ግዴታ «እሺ» ማለት ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን እኛ ወጣቶች በሕንድ ፊልም ሌላ ዓይነት ጋብቻ እናያለን፤ በዚህም የተነሣ ክርክር አለ። ወላጆች «ይህ ፊልም ልጆቻችንን አበላሸብን» ይላሉ፤ ከጓደኞቼ መካከል ደግሞ «ፍቅር ካለ የወላጅ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ፊልሙን አስተውለው ያዩት አይመስለኝም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣውን፥ ሻሩክ ካንና ካጆል የተጫወቱበትን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ለምሳሌ እንውሰድ። ሲምራን የምትባለው ልጅ በለንደን አድጋለች፤ አባቷ ግን ለቀድሞ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ስለ ገባ ወደ ፑንጃብ ይወስዳታል። የምትወደው ራጅም ተከትሏት ይሄዳል። እናትየዋ ጌጧን አውጥታ ሰጥታ ልጄን ይዘህ ጥፋ ብትለው እንኳ፥ አባቷ በገዛ እጁ ካልሰጠኝ አልወስዳትም ብሎ እንቢ ይላል። እንግዲህ ይህ ፊልም ወጣቱን «ኮብልል» ብሎ አያስተምርም፤ ይልቁንም የወላጅን ክብር የሚጠብቅ ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። አባትየው ቃል ሲገባ ሲምራንን የጠየቃት የለም። በመጨረሻም ነጻ የወጣችው አባቷ በባቡር ጣቢያ እጇን ስለ ለቀቀላት ነው። ባይለቅቃትስ ኖሮ?

ከዚህ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በወጣው «ሁም ዲል ዴ ቹኬ ሳናም» በተባለው ፊልም ደግሞ ልጅቱ ሌላ ሰው እየወደደች ወላጆቿ ለመረጡት ትዳራለች። ባሏ ይህን ባወቀ ጊዜ ወደምትወደው ሰው ሊያደርሳት ይዟት ይሄዳል። ሆኖም ምርጫው በእጇ በገባ ጊዜ ባሏን መረጠች። ከዚህ እንደምንማረው ልጅ ስለ ተጠየቀች የወላጆቿን ምርጫ የግድ ትጥላለች ማለት አይደለም። ነገሩ የተመረጠው ሰው ማን ነው ሳይሆን፥ ልጅቱ ተጠይቃለች ወይ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሕንድ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ሁሉ በዘር እየናቁ ሲመልሱ፥ እርስዋ ያስተማራትን የድሃ ልጅ በዛብህን ወደደች። ፍጻሜያቸውም መጽሐፉ በርእሱ እንደ ተናገረው ሆነ።

አሁን ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላችን እንመለስ። ሽማግሌዎች ተልከው ይመጣሉ፤ ቆመው ይለምናሉ፤ አባትም «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ ቀጠሮ አጎት ይጠየቃል፥ አያት ይጠየቃል። ልጅቱ ግን በስንት ቤት ነገሩን የምትሰማው ጠላው ሲጠመቅ ነው! ብትጠየቅም አፍራ አንገቷን ስትደፋ፥ ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቈጠርባታል።

ወላጆቻችን ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። ልጃቸው ሳትጠለፍ በወግ እንድትዳር፥ ችግር ሲመጣም ደጋፊ ዘመድ እንዲኖራት ያስባሉ። ይህ አሳብ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ጥር አልፎ በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፥ ስለ አንዲት ጓደኛችን «የለችም» ብለን የምንመልሰው እኛ ነን። መምህራችን ከስሟ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግም፥ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረጉት። ሕግ ግን ሽማግሌ በተቀመጠበት ቤት ገብቶ አይቀመጥም፤ በዚያ ያሉት አባትና እናት ናቸው።

ደግሞም የልጃገረድን ድምፅ መስማት ለራያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ፤ አሸብርቀው በየደጁ ሲዘፍኑ አባቶች በኩራት ይሰሟቸዋል። በነሐሴ በአደባባይ የምትሰማ ልጅ፥ በጥር በገዛ ጋብቻዋ ላይ አንድ ቃል ለመናገር ለምን ትከለከላለች?

ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፥ ለሽማግሌ ከምትሰጡት ቀጠሮ ውስጥ አንዱን ቀን ለልጃችሁ ስጡ። እናቷ ብቻዋን ትጠይቃት፤ ዝምታዋም እሺታ አይባል፤ «አይሆንም» ብትልም አትረገም። ተማሪ ከሆነች «ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ ሽማግሌን መመለስ ነውር አይደለም።

እናንተም ጓደኞቼ፥ ከሕንድ ፊልም ዘፈኑን ብቻ አትያዙ፤ የራጅንም ትዕግሥት ያዙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፥ ኩብለላም ሆነ የችኰላ ሠርግ መጨረሻው አንድ ነው። የወላጅ ምርቃትና የልጅ ፈቃድ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሽማግሌም መልስ ሊቀበል በመጣ ጊዜ፥ «ልጅቱስ ምን አለች?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ።