ማሲንቆውን የገደለው የልጆቹ ጊታር አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምንዛሪም ስለ ሞያሌ መንገድም አይደለም፤ ስለ ሙዚቃ ነው። «ነጋዴን ሙዚቃ ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ተቆጡኝ።

ባለፈው ወር እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ስለ እንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ለመነጋገር ተሰብስበን ነበር። አራት ወጣቶች መጡ። የእኛው ልጆች ናቸው፤ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። «አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡን፤ በሁለት ጊታር፣ በድራምና በማሲንቆ እንጫወታለን» አሉ። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ሲጠየቁ አንደኛው «ሄቪ ሜታል ከባህል ጋር» ብሎ መለሰ። በዚያው አበቃ። አንድ የምናከብራቸው አባት «በበዓላችን የሰይጣን ጩኸት አይሰማም» አሉ። ሌላው «ባህላችንን የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው» አለ። እጅ አውጡ ተባለ፣ ልጆቹ ተሸነፉ። እኔ ለልጆቹም በልጆቹም ላይ እጄን አላወጣሁም፤ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያ ዝምታዬ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

መጀመሪያ «ጩኸት» የተባለውን እንይ። አዎ፣ ሄቪ ሜታል ይጮኻል። ሽለላና ፉከራስ በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚባለው? አያቶቻችን ጎፈር አጥልቀው፣ ጦር እየነቀነቁ፣ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲሸልሉ «ይህ ሙዚቃ አይደለም» ያላቸው የለም። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ያንን ሽለላ ወስደው በሳክስፎን ተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር እሳቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ስሙት። የፓንክ ጊታር ሽለላውን አልዋጠውም፤ አጀበው እንጂ።

በገናንም አስቡ። በገና የጸሎት መሣሪያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቦታውን ላሳንስ አይደለም፤ ስለ ድምፁ አሠራር ብቻ ነው የማወራው። በአሥሩ ጅማቶችና በድልድዩ መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ሆድን የሚያባባው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። የሜታል ጊታር ንዝረት ደግሞ የሚመጣው ከማጉያው ነው፤ ከሚችለው በላይ ሲጫን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጥና ይነዝራል። መንገዱ ለየቅል ነው፤ ነዛሪ ድምፅ ግን ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው «ሰይጣን» የሚለው ነው። ይህ ሙዚቃ ያደገው በጠንቋይ ቤት ሳይሆን በፋብሪካ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ብላክ ሳባዝ የእንግሊዝ በርሚንግሃም ልጆች ባንድ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። እሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ፈልጎ ገጠመ፣ በኋላም ክሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ያ ከባድ ድምፅ የጉዳትና የእልህ ውጤት ጭምር ነው። ጉዳትና እልህ ደግሞ ድንበር ለድንበር ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደሉም።

አልዋሽም፤ ሰይጣንን ለማስደንገጫም ለገበያም የሚጠቀሙ ባንዶች አሉ። ለልጄ የማልፈቅደው ግጥምም አለ። ግን እኛ ነጋዴዎች ነን። በአንድ ጆንያ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ስለተገኘ ሙሉ ጭነት እንደፋለን? ጆንያውን ፈትተን፣ አሽትተን፣ ቀምሰን ነው የምንለየው። ልጆቹን ግን አንድ ዘፈን እንኳ ሳንሰማቸው መለስናቸው። በርበሬያችንን የምናከብረውን ያህል እንኳ አላከበርናቸውም።

ሦስተኛው፣ «ባህል ያጠፋሉ» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። እስቲ ንገሩኝ፤ በሠርጋችን ላይ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ለአዳራሽ፣ ለዲኮር፣ ለቪዲዮ ብዙ ሳንከራከር እንከፍላለን። ሙዚቃው ላይ ስንደርስ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር እናቆማለን። ማሲንቆ ሲፈለግ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ዋሽንት ሲፈለግ ሌላ ቁልፍ። ከበሮው ቀድሞ የተሞላ ነው፤ የጎንደሩም፣ የወሎውም፣ የጉራጌውም ዘፈን በዚያው ምት ይነዳል። አዝማሪ ከተገኘም ዋጋውን እንደ ቲማቲም እንከራከረዋለን። ኪቦርድ ተጫዋቹን አልወቅስም፤ እንጀራው ነው። የምወቅሰው ከፋዩን ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ማሲንቆውን ከሠርጋችን ያስወጣነው እኛ ራሳችን ነን፤ በዚያን ጊዜ እነዚህ ልጆች ጊታር መያዝ እንኳ አያውቁም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

የእህቴ ልጅ ማሲንቆ የፈለገው ከእኔ ሰምቶ አይደለም፤ ከሞንጎሊያ ሰምቶ ነው። ዘ ሁ የሚባል የኡላንባታር ባንድ አለ። ሜታሉን የሚጫወቱት ሞሪን ሁር ከሚባለው የአገራቸው መሣሪያ ጋር ነው፤ ጫፉ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት፣ ሁለት ክር ያለው፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ። ይዘፍኑም የነበረው በአባቶቻቸው አዘፋፈን፣ ከጉሮሮ ጥልቅ በሚወጣ ድምፅ፣ በገዛ ቋንቋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ጌሬግ» ይባላል። ጌሬግ በጥንቱ የሞንጎል መንግሥት ዘመን መንገደኛው መልእክተኛ ይዞት የሚያልፍ የይለፍ ምልክት ነበር። ለእኛ ለድንበር ሰዎች ከዚህ የተሻለ የአልበም ስም ከየት ይመጣል!

ልጁ ይህን ሰምቶ «አክስቴ፣ ከአዲስ አበባ ስትመለሺ ማሲንቆ አምጪልኝ» አለኝ። ገዝቼ በነጠላ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ይዤ መጣሁ። ድንበር ላይ ፈታሹ ጥቅሉን አስፈታኝ። «ምንድን ነው?» አለ፤ ነገርኩት። በጣቱ ነካ አደረገው። «አንድ ክር ብቻ? እስቲ ተጫወቺው» አለኝ። አልችልም አልኩት። «ታዲያ የአገርሽ አይደል?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እስከ ናይሮቢ ድረስ ግን አፈርኩ። ዛሬ ያ ልጅ ትዝታን በማሲንቆ ይቃኛል። እኔ ያላስተማርኩትን ያስተማረው «የሰይጣን ጩኸት» ያልነው ሙዚቃ ነው።

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ዱማ የሁለት ናይሮቢ ወጣቶች ባንድ ነበር፤ ስሙ በኪኩዩ ጨለማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አልበማቸውን ያወጣላቸው ኜጌ ኜጌ ቴፕስ የሚባለው የካምፓላ አሳታሚ ነው። የናይሮቢ ልጆች፣ የካምፓላ አሳታሚ፣ አውሮፓ ድረስ የደረሰ ሥራ። እኛ በእነዚሁ መንገዶች ላይ ጫማና ቅመም ስናመላልስ ስንት ዓመታችን ነው? የልጆቻችንን ሙዚቃ ግን ከአንድ አዳራሽ በር እንኳ አላሳለፍነውም።

ለመስማት ፈቃደኛ ለሆናችሁ ምክሬ ይኸው። ሽማግሌዎቻችን በዱማ አትጀምሩ፤ በጣም ይከብዳል። «ሞአ አንበሳ»ን ስሙ፤ ሽለላውን ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ስሙ። ከዚያ አስናቀ ገብረየስ ኡካንዳንዝ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠራውን «ይቻላል» ስሙ፤ የምታውቁት ዜማ በከባድ ጊታር ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። በመጨረሻ ዘ ሁን።

ልጆች፣ እናንተም አታመልጡም። ከባድ ድምፅ ማለት ከፍተኛ ድምፅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአለሙ አጋን በገና መብራት አጥፍታችሁ ስሙ፤ ያለ አንድ ማጉያ ከሜታል ሁሉ ይከብዳል። የአስናቀች ወርቁን ክራር ስሙ፤ ጥቂት ክር ምን ያህል እንደሚናገር ተማሩ። የድምፁንም መጠን ቀንሱ፤ የሽማግሌ ጆሮ ይታመማል፣ የእናንተም ይጎዳል። በዚህ ላይ አባቶች የተናገሩት እውነት አለው።

ለኮሚቴው ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከበዓሉ በፊት ልጆቹን አንድ ዘፈን አጫውቷቸው፤ ግጥሙን አንብቡ፤ ከዚያ ወስኑ። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ከኪቦርዱ ጎን እውነተኛ ማሲንቆ ተጫዋች ቅጠሩ፤ ዋጋውም አይከራከሩት፤ ገንዘቡ ካነሰ ከእኔ ድርሻ ይጨመር። ሦስተኛ፣ ከአዲስ አበባ የምትመላለሱ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ከዕቃችሁ መካከል አንድ ክራር ወይም አንድ ማሲንቆ አምጡ፤ የሚፈልግ ልጅ አለ።

እጅ አውጡ ሲባል በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም አልልም። ቀድሜ ነው የማወጣው። እናንተስ?