የጸደቀውን እንቁጠር

ርእሰ አንቀጽ

በየክረምቱ ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን። ችግኝ እንተክላለን፤ ስንት እንደ ተከልን ቆጥረን እንመለሳለን። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ምን ያህሉ እንደ ተረፈ ግን የሚቆጥር የለም። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከተካዮቹ መካከል እኛም ነበርንና።

የምንተክለውስ ምንድን ነው? አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ደገኛውን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ ችግር ስላዳነ ውለታውን አንክድም። ዳሩ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው በአንኮበር አጠገብ በወፍ ዋሻ ደን ቆመው ሳሉ፣ ከመካከላችን አንዱን ከሌላው የሚለይ ጥቂት ነው። የደብረ ብርሃን መሥራች ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚሁ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። እኛ ግን ከዚያው ደን ሥር ተቀምጠን ያንን አላደረግንም።

ስምን ማወቅ ከንቱ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የደረሱበት፣ ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ቁጥቋጦ ቆመው ስለ ተመለከቱ ነው።

በአዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሔክታር በሚሆን መሬት ላይ ባሕር ዛፉን ባገር በቀል ዕፅዋት ለመተካት ይደክማል። እኛ 705 ሔክታር አንጠይቅም። ከግቢያችን ጥቂት መሬት ይከለልልን። ዘሩ በፈቃድ ከወፍ ዋሻ ይምጣ፤ የየተክሉ ስምና ጥቅም ከአንኮበር አረጋውያን ተጠይቆ በሰሌዳ ይጻፍ፤ የከተማውም ሕዝብ ገብቶ ይመልከተው፣ የተሳሳትነውንም ያርመን።

ከኛ የሚፈለገው ደግሞ ባልዲ ነው። እያንዳንዱ ክፍል መደቡን ተረክቦ በጋውን ሙሉ ያጠጣ፤ ተመራቂውም ለሚተካው ያስረክብ። ኮሶና ዝግባ ባራት ዓመት አይደርሱም፤ በጥላቸው የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው። ይህም ሥራውን ሊያስተወን አይገባም።

እንግዲህ ዘንድሮ የምንቆጥረው የተከልነውን ሳይሆን የጸደቀውን ይሁን።