ዱካክ ሲጫጫነን ማንን እንክሰስ?



የፈተና ሰሞን በመጣ ቁጥር በመኝታ ቤታችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። በጮቄ ብርድ ተጠቅልሎ የተኛ አንድ ጓደኛችን፥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዓይኑ ተከፍቶ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ጥላ የመሰለ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦ ያያል። እናቶቻችን ይህን ዱካክ ይሉታል። ባለፈው ሴሚስተር ግን ነገሩ ከወሬ አልፎ፥ በአጠገቡ የሚተኛው ልጅ ቡዳ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ አብሮት ማዕድ የሚቀርብም ጠፋ። ብዕራችንን እንድናነሣ ያስገደደን ይህ ነው።

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከቀላል ወደ ከባድ፥ ከዚያም ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት ወደሚንቀሳቀስበት ደረጃ እየተሸጋገረ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሰሪንስኪና ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ገለጹት። ብርቱ ሕልም በአብዛኛው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ የእጅና የእግር ጡንቻዎችም ያን ጊዜ ይዝላሉ። ወደ ንጋት ሲቃረብ ይህ ደረጃ እየረዘመ ይሄዳል።

በዚህ ደረጃ አእምሮ ብቻውን ሊነቃ ይችላል። ሕልሙ ሳይቋረጥ ቢነቃ፥ ሰው «ይህ ሕልም ነው» እያለ ያልማል። ይህ በቀላል እንቅልፍም አልፎ አልፎ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር በሐል ዩኒቨርሲቲ፥ ኪት ሄርን ያጠናው ሰው ተኝቶ ሳለ፥ አስቀድሞ በተስማሙበት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያመላለሰ ከሕልሙ ውስጥ ምልክት ሰጥቷል። ዓይን ተከፍቶ አካል ከዝለቱ ሳይላቀቅ ሲቀር ግን የሕልሙ ርዝራዥ ክፍሉ ውስጥ ይታያል። ዱካክ ይህ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

እንቅልፍ ማጣት፥ የመኝታ ሰዓት መዛባትና በጀርባ መተኛት ዱካክን እንደሚጠሩ የታወቀ ነው። እስከ 9 ሰዓት አጥንቶ በ12 ሰዓት የሚነሣ ተማሪ እንግዲህ ምክንያቱን ከጎረቤቱ አልጋ ለምን ይፈልጋል? የዲማና የዋሸራ ቅኔ አገር ልጆች ሆነን ሰሙን ብቻ አይተን ወርቁን መተው አይገባንም።

ጸሎት የሚያደርሰውን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው በወንድም ላይ ጣት መቀሰርን ነው። መምህራኖቻችን አንድ ምሽት ስለ እንቅልፍ ንግግር ቢያደርጉልን እንወዳለን። ዱካክ የሚደጋገምበትም ሳያፍር ሐኪም ያማክር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ በከንቱ የተጠረጠረው ወንድማችን ዛሬ ማታ ወደ ማዕዳችን ይጠራ።