የናይሮቢ አክሲዮን ገበያ፦ ቻርት የሚናገረውና የማይናገረው

እ.አ.አ በ2008 የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 5 ሺሊንግ ነበር። በዚያው ዓመት ዋጋው ከመሸጫው በታች ወረደ። በነሐሴ 2021 ወደ 45 ሺሊንግ ተጠጋ፤ በ2023 ማብቂያ ደግሞ ከ15 ሺሊንግ በታች ሆነ።

እንዲህ ያለውን ውጣ ውረድ ለመከታተል ከሚያገለግሉ ስልቶች አንዱ ‘ፖይንት ኤንድ ፊገር’ የተሰኘው ቻርት ነው። አጀማመሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከነበረው የአሜሪካ ገበያ ጋር ይያያዛል። ከሌሎች የሚለየው ቀንና ሰዓትን ባለመቁጠሩ ነው፤ ዋጋው በቂ ለውጥ ካላሳየ ወራት ቢያልፉም በቻርቱ ላይ ምንም አይጻፍም።

እንዴት ይነበባል?

ጭማሪ በኤክስ፣ ቅናሽ በክብ ምልክት ይመዘገባል። እያንዳንዱ ምልክት 1 ሺሊንግን ይወክላል እንበል። ዋጋው ከ20 ወደ 25 ሲያድግ አምስት ኤክሶች ወደ ላይ ይደረደራሉ። ወደ 23 ቢመለስ ለውጥ የለም፤ 22 ሲደርስ ግን በቀጣዩ ዓምድ ሦስት ክቦች ይሰፍራሉ። ለአዲስ ዓምድ የሦስት ምልክት ለውጥ መጠየቁ የዕለት ተዕለቱን ጥቃቅን መዋዠቅ ለማጣራት ነው።

አዲሱ የኤክስ ዓምድ ከቀደመው የኤክስ ዓምድ ከፍ ካለ የመግዣ፣ አዲሱ የክብ ዓምድ ከቀደመው የክብ ዓምድ ዝቅ ካለ ደግሞ የመሸጫ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ከቻርቱ ጀርባ

ከ2021 በኋላ የነበረው የሳፋሪኮም ጉዞ በዚህ ስልት ሲታይ የክብ ዓምዶቹ እየወረዱ የሚሄዱበት ነው። ምክንያቱን ግን ቻርቱ አይነግርም። በዓለም የወለድ መጠን ጨምሮ ነበር፤ የውጭ ባለሀብቶች ከናይሮቢ ገበያ ገንዘባቸውን ያወጡ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ በጥቅምት 2022 በይፋ ሥራ ለጀመረበት የኢትዮጵያ ገበያ ከፍተኛ ወጪ ያወጣ ነበር።

ስልቱ ሌላም ገደብ አለው። ትርጉም የሚኖረው ገዢና ሻጭ በብዛት ሲገናኙ ነው። እምብዛም በማይገበያይ አክሲዮን ላይ አንድ ገንዘብ የቸገረው ሻጭ ብቻውን አዲስ የክብ ዓምድ ሊያስጀምር ይችላል። ምልክቱ የገበያው አዝማሚያ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የአንድ ሰው ችግር ነው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ቆጣቢዎች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የናይሮቢው ገበያ በ1954 የተመሠረተ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2025 ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ነበር። ታሪኩ አጭር፣ ተመዝጋቢዎቹም ጥቂት በሆኑበት ገበያ ቻርት ብቻውን ደካማ መሪ ነው። ኤክስና ክብ ከመቁጠር በፊት የኩባንያውን የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ፣ አክሲዮኑ በምን ያህል መጠን እንደሚገበያይ ማወቅና ለመሸጥ ሲፈለግ ገዢ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።