ባለ አንድ ክንዱ ሰይፈኛ

 

«ጦር ሜዳን በዐይኑ ያየ ሰው የውሸት ውጊያ ለማየት ስለ ምን ይቀመጣል?» ይህን ጥያቄ ያቀረበችልኝ ባለቤቴ ናት። ከሻይ ቤት አምሽቼ ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ መልስ አይባልም፤ «ልማድ ነው» ብዬ አለፍኩ። ዛሬ ግን መልሱን ያገኘሁ ስለ መሰለኝ፣ ጥያቄውም በብዙዎቻችሁ ቤት የሚነሣ ስለ ሆነ፣ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ ወደድኩ።

እንደምታውቁት ከሠራዊቱ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ በሐርጌሳ ከተማ በአንድ ጋራዥ የናፍጣ ሞተር እየጠገንኩ እኖራለሁ። ባለቤቴም እንጀራ ጋግራ ለአገር ልጆች ታቀርባለች። ከበርበራ ወደብ ጭነው ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወጡ ሾፌሮች፣ ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ሲመሽ ከሶማሌ ወዳጆቻችን ጋር የምንሰበሰብበት አንድ ሻይ ቤት አለ። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ሲደበድቡ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ኢትዮጵያ የተሰደደ ሰው ነው። በሐርትሼክ የስደተኞች ጣቢያ አደገ፤ አማርኛውንም ጅግጅጋ ለመደው። ከወደቁት የጦር አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ በከተማዋ መካከል በሐውልት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የከተማዋም ቴአትር ቤት በዚያው ድብደባ ፈርሷል። እንግዲህ ይህ ሰው የጦርነትን ነገር ከማንም የሚማር አይደለም። ነገር ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የሚያሳየን የድሮ የቻይና ፊልም ነው።

እኛ ሁሉንም «ካራቴ» እንላቸዋለን። ካራቴ ግን የጃፓኖች ነው፤ የቻይኖቹ ኩንግ ፉ ወይም ዉሹ ይባላል። በምልምልነት ዘመኔ፣ ፊልም በቪዲዮ ካሴት ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ የዕረፍት ቀን ሲሰጠን የምንሮጠው ወደ ቪዲዮ ቤት ነበር። በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ «አክተሩ አይሞትም!» እያልን ስንጮኽ ላባችን ይንጠባጠብ ነበር። የሚናገሩትን ቋንቋ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሳይገባው የሚወጣም አልነበረም።

የእነዚህ ፊልሞች ምንጭ በአብዛኛው ሆንግ ኮንግ ነው። ሾው የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1961 ታላቅ የፊልም መንደር በዚያች ከተማ ከፈቱ። ተዋንያኑ በዚያው እየኖሩ፣ ልብሱም ሰይፉም በዚያው እየተሠራ፣ ፊልም እንደ ዳቦ ቤት ዳቦ በየጊዜው ይወጣ ነበር። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1970 ጎልደን ሃርቨስት የተባለ ተፎካካሪ ተነሣና ብሩስ ሊን ለዓለም አስተዋወቀ። ብሩስ ሊ የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1973 በ32 ዓመቱ ነው። በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራው «ኢንተር ዘ ድራገን» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ እርሱ አላየውም። ያም ሆኖ በአፍሪካ ከተሞች ስሙ በየግድግዳውና በየልጁ አፍ ቀረ።

የሚስበን ምንድን ነው? በመጀመሪያ ነገር የሰውነት ችሎታ ትርጁማን አያሻውም። ከእነዚያ ተዋንያን ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው በቻይና ባህላዊ ኦፔራ ትምህርት ቤት ገብተው በዱላና በጥብቅ ሥርዓት ያደጉ ናቸው። ጃኪ ቻን ዐሥር ዓመት ያህል በእንዲህ ያለ ቤት ተቀምጧል። ሲገለበጥ የምናየው ሰው በእውነት የሚገለበጥ ሰው ነው፤ ሲወድቅም አጥንቱ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ነገር የልምምዱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» የተሰኘውን ፊልም ያየ ወታደር ይህን ያውቀዋል። አዘጋጁ ላው ካር ሊዩንግ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ እውነተኛ የኩንግ ፉ ሰው ነበር። በፊልሙ አንድ ወጣት ተማሪ መንደሩን ያጠፉበትን ገዢዎች ለመበቀል ወደ ገዳም ይገባል። ገዳሙ 35 የልምምድ ክፍሎች አሉት። ምግብ ቤት ለመድረስ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ረግጦ መሻገር አለበት፤ ከወደቀ ልብሱ በስብሶ ይቀራል። ውሃ ሲቀዳ ክንዶቹን ዘርግቶ ባልዲ ይሸከማል፤ ክንዱን ዝቅ ካደረገ በክንዱ ላይ የታሰረው ስለት ጎኑን ይወጋዋል። ፊልሙ ግማሽ ያህሉን ጊዜ የሚያሳልፈው በዚህ ድካም ላይ ነው፤ ማንም ግን አይሰለቸውም። «በልምምድ ላብ ያፈሰሰ በጦር ሜዳ ደሙን ያድናል» እየተባልን ያደግን ሁሉ እዚያ ልጅ ላይ ራሳችንን እናያለን። ልጁ ሠልጥኖ ሲጨርስ ምን ይጠይቃል? ለተራው ሕዝብ የሚያስተምርበት 36ኛ ክፍል እንዲከፈት ይጠይቃል።

እናንተ እኅቶቼም «ይህ የወንዶች ጨዋታ ነው» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግ ሁ የተባለው አዘጋጅ ቼንግ ፔይ ፔይ የተባለችውን የ20 ዓመት ገደማ ወጣት የታሪኩ ባለቤት አድርጎ ፊልም ሠርቷል። ወንድሟን ሽፍቶች ይዘውባት ልታስፈታው የምትመጣ ሴት ናት። በአንድ የመንገደኛ ማረፊያ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን የከበቧትን ወንዶች ቅንድቧን እንኳ ሳታነቃንቅ ስትመልሳቸው ያየች ባለቤቴ «ይህቺስ የእኛ አገር ሴት ትመስላለች» ብላለች። ቼንግ ፔይ ፔይ በልጅነቷ ዳንስ የተማረች ስትሆን ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከአንድ ወር በፊት አንድ የቀድሞ ጓዴ፣ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ የሆነ፣ በእንግድነት መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ቀኝ ክንዱን በግዳጅ ላይ ከክርኑ በላይ ያጣ ሰው ነው። የላከችው ሚስቱ ናት። በስልክ «ሻምበል ባሻ፣ ከቤት አይወጣም፤ ከልጆቹም ጋር አይበላም፤ እባክዎ ጥቂት አየር ይለውጥ» አለችኝ።

እንደመጣ ነገሩ ገባኝ። ባለቤቴ ገበታ አቅርባ ስትጠራው «ቆይቼ እበላለሁ» ይላል። ሁላችን ከተነሣን በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን ይጎርሳል። እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ከአንድ ገበታ በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። በዚህም አገር እንዲሁ ነው። ሰውዬው ክንዱን ባጣበት ቀን ገበታውንም አብሮ ያጣ መስሎታል። ስንት ጊዜ «ከእኛ ጋር ብላ» ብንለው ፈገግ ይልና ዝም ይላል። በግድ መጎተቱ ደግሞ ቁስልን መንካት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሻይ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። የሻይ ቤቱ ጌታ የወተት ሻዩን አቀረበልንና ፊልሙን ከፈተ። ምን እንደሚያሳይ አስቀድሜ አልጠየቅሁም። አርእስቱ ሲወጣና የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር ግን ክው አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቻንግ ቼ ያዘጋጀው «ባለ አንድ ክንዱ ሰይፈኛ» ነበር። በሆንግ ኮንግ ከአንድ ሚሊዮን የአገሩ ዶላር በላይ በማስገባት የመጀመሪያው ነው የሚባልለት ፊልም ነው። እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ። የታማኝ አገልጋይ ልጅ የሆነ ወጣት በሰይፍ ጌታው ቤት ያድጋል፤ የጌታው ልጅ በቁጣ ተነሥታ ቀኝ ክንዱን በሰይፍ ትቆርጠዋለች። ተነሥቼ «ሌላ አድርግልን» ልል ስል ሃምሳ አለቃው በግራ እጁ ጉልበቴን ያዘኝና «ተወው፣ ባሻ» አለኝ።

ተውኩት። ልጁ ደሙ እየፈሰሰ በበረዶ ውስጥ ሲሄድ ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ባላገር ልጅ አግኝታ አዳነችው። ሰውዬው ተቀምጦ ሲተክዝ፣ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሞክር፣ ጎረምሶች ሲያላግጡበት፣ ሃምሳ አለቃው ዐይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ልጅቷ ከአባቷ የቀረላትን ግማሹ የተቃጠለ የሰይፍ መጽሐፍ ሰጠችው። የተረፈው ግማሽ የግራ እጅ ስልት ነበር። የአባቱ ሰይፍም የተሰበረና አጭር ነው። ጠላቶቹ ረጅሙን ሰይፍ ይዞ የሚቆልፍ መሣሪያ ሠርተው የጌታውን ደቀ መዛሙርት አንድ በአንድ ጨረሷቸው። ያ መቆለፊያ ግን አጭሩን ሰይፍና ግራውን እጅ ሊይዝ አልቻለም። ሌሎቹን ሁሉ የገደለው መሣሪያ በእርሱ ላይ ሥራ ፈታ።

ሾፌሮቹ ጮኹ፤ አጨበጨቡ። ጓዴ አልጮኸም። የፊልሙን ፍጻሜ ግን በጥሞና አየ። ጌታው «ቤቴን ውረስ፣ አለቃ ሁን» ቢለው ሰይፈኛው እንቢ ብሎ ከዚያች ልጅ ጋር እርሻ ሊያርስ ይሄዳል። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ለካ መጀመሪያ ማረስንም የተማረው በግራው ነው።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ባለቤቴ ገበታውን አቀረበች። ለእርሱ ለብቻ የሚቀመጠውን ሳህን ልታዘጋጅ ስትነሣ መጥቶ ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠና ግራ እጁን ዘረጋ። እርሷም ምንም ሳትል የእጅ ውሃ አፈሰሰችለት። በላን። ከመሄዱ በፊትም ለሚስቱ በገዛ እጁ ሦስት መስመር ጻፈ፤ ፊደሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ የተንጋደደ ነበር። እቤቱ የደረሰ ዕለት ከልጆቹ ጋር አብሮ መብላቱን ሚስቱ ደውላ ነግራናለች።

ፊልም ቁስል ያሽራል እያልኩ አይደለም። ያሸረው የሚስቱ ትዕግሥትና የራሱ ልብ ነው። ሆኖም እኛ ጓደኞቹ በምክር ያልደፈርነውን ነገር አንድ የሩቅ አገር ተዋናይ በዝምታ ነግሮታል።

ለወላጆች ደግሞ ሁለት ነገር ሳላሳስብ አላልፍም። አንደኛው፦ ተዋንያኑ የሚበሩት በሽቦ ተንጠልጥለው ወይም ከመንጠሪያ ላይ ዘለው ነው፤ የቡጢው ድምፅም በኋላ የተጨመረ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ይህን የሚነግረው አጥቶ ከአጥር ላይ እንደ ብሩስ ሊ ዘሎ አንጓው ተሰብሯል። ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ፍላጎቱ ካላቸውም አሠልጣኝ ባለበት ይማሩ። ሰሎሞን ቱፋ የተባለው የአገራችን ልጅ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በቴኳንዶ የተወዳደረው በአጥር ላይ በመዝለል አልነበረም።

ሁለተኛው የበቀል ነገር ነው። ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ ደም በደም የሚመለስባቸው ናቸው። የአባቱን ገዳይ የገደለ ልጅ፣ የእርሱም ሟች ልጅ እንዳለው ፊልሙ አይነግረንም። የሻይ ቤቱ ጌታ ይህን ባነሣሁበት ጊዜ ሣቀና «ባሻ፣ እኛ ፊልሙን እናያለን፤ ደሙን ግን በግመል እንከፍላለን» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የዚህ አገር የጎሣ ሽማግሌዎች በቦረማ ከተማ ለወራት ተቀምጠው በመነጋገር ነው ሰላማቸውን ያቆሙት። በእኛም አገር ደም አድራቂ ሽማግሌ አለ። ልጆቻችን ሰይፈኛውን ካዩ በኋላ የሽማግሌውንም ታሪክ ከእኛ ይስሙ።

ስለዚህ ለባለቤቴ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ጦርነትን ያየ ሰው የውሸቱን ውጊያ የሚያየው፣ በዚያ ውስጥ ላብ ዋጋ ሲያገኝና የተጎዳ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ስለሚናፍቅ ነው። በእውነተኛው ውጊያ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። ይህን ስነግራት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ሐሙስ ዕለት እኔም አብሬህ እመጣለሁ፤ ግን ያቺ ባለ ሰይፏ ሴት ያለችበትን አሳዩኝ» አለች። ቀጠሮው ተይዟል።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።